ፍጥነትና ቦታው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እኛ የመርካቶ ልጆች ስለ መኪና ለመናገር ብዙ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሶማሌ ተራ የመኪናን መለዋወጫ በየስሙ፥ ምናለሽ ተራም አሮጌ ብረት እንዴት ዳግመኛ ዕቃ እንደሚሆን አሳይተውናል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ መኪና እሽቅድምድም ነው።

በአሜሪካ ናስካር የሚባለው ማኅበር በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1941 ዓ.ም. ባደረገው ውድድር የተነዱት መኪናዎች ማንም ሰው ከሱቅ የሚገዛቸው ዓይነት ነበሩ። ዛሬ ግን መልካቸው የገበያውን ይምሰል እንጂ ለውድድር ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ በራቸው አይከፈትም፥ ነጂው በመስኮት ይገባል፥ ዙሪያውንም ጠንካራ የብረት ቧንቧ ይጠብቀዋል።

ይኸው ማኅበር በሳን ዲዬጎ ባለው በኮሮናዶ የባሕር ኃይል ጦር ሰፈር ውስጥ በሰኔ 2018 ዓ.ም. ውድድር ለማድረግ ማቀዱን በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አስታወቀ። ምክንያቱ የባሕር ኃይሉ 250ኛ ዓመት ነው። ለጊዜው ብቻ እንዲዘጋጅ የታሰበው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመትና 16 መታጠፊያዎች አሉት።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ጦር ሰፈር አጥርና ዘበኛ አለው፤ ያልተፈቀደለት ሰው አይገባበትም። ይህም ጥንቃቄ ዋጋው በደም የታወቀ ነው። በሰኔ 1947 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን ውድድር ላይ አንድ መኪና ወደ ተመልካቹ ተወርውሮ ከ80 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ስዊስም ከዚያ በኋላ በአገሯ የዙር እሽቅድምድምን ከለከለች።

እኛስ? ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ ማለዳ ሁለት ወጣቶች በሰፈራችን መንገድ በመኪና ሲሽቀዳደሙ ከዳር ቆመን አጨበጨብን። ጆንያ ተሸክሞ የሚሻገረውን ኩሊ ያየነው ከወደቀ በኋላ ነው። እግሩ ተሰበረ። ሸክም እንጀራው ነበርና ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ የሊስትሮ ሣጥን አነሣ። እኛም ከኪሳችን አዋጥተን ልጁን ወደ ክፍል መለስነው፤ የአባቱን እግር ግን መዋጮ አልመለሰውም። ነጂዎቹን ብቻ መውቀስ አንችልም፤ ጭብጨባው የእኛ ነበርና።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ፍጥነትን አንጠላም። ነገ ከእኛ መካከል መካኒክ፥ መሐንዲስ፥ ምናልባትም ተወዳዳሪ ይወጣል። ነገር ግን ፍጥነት አጥር ካለው ስፍራ ይሁን፤ የመርካቶ መንገድ የተሸካሚው፥ የእናቶችና የሕፃናት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንገድ ለሚሽቀዳደም አናጨበጭብም። ታናናሾቻችንም ይህን ቃላችንን ተቀበሉን።