ስለ ሰርቨር አያያዝና ስለ ለውጥ መዝገብ
(በራዲዮ የተነገረ)



ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል፣ በጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ጥቂት ነው። መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ባለጉዳዩን የአንድ ቀን ሥራ አስፈትቶ፣ የታክሲ ገንዘብ አስከፍሎ፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የልደት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ አባት፣ ጡረታዋን ለማስከበር የጋብቻ ማስረጃ የምትፈልግ እናት በዚህ ቃል ምክንያት ይጉላላሉ። ስለዚህ ይህ ቃል ከምን እንደሚመጣና እንዲያጥር ምን ማድረግ እንደሚገባ በዛሬው ንግግሬ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ሰርቨር ማለት የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ በሆዱ ይዞ በየመስኮቱ ላሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ መልስ የሚሰጥ መኪና ነው። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ፕሮግራሙ አለ፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ አለ፣ መስመሩ አለ፣ ሁሉም እንዴት እንዲሠሩ የሚያዝዘው ሴቲንግ አለ። እነዚህ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲጎድል ሁሉም የቆመ ይመስላል። እንግዲህ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ለብዙ ዓይነት በሽታ የተሰጠ አንድ ስም ነው። «በሽተኛው ታሟል» ብሎ የሚሄድ ሐኪም በሽታውን እንዳልነገረን ሁሉ፣ ይህም ቃል የሚነግረን ነገር የለም።

በሽታውን ለማወቅ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የታመመው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። አንድ መስኮት ብቻ ሥራ ፈትቶ ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከዚያው ኮምፒዩተር ወይም ከገመዱ ነውና ሰርቨሩን መነካካት አይገባም። ሁሉም መስኮቶች ከቆሙ ግን ወደ ሰርቨሩ መሄድ ነው። እዚያም መኪናው መብራት አለውን? ዲስኩ ሞልቷልን? ፕሮግራሙ ተነሥቷልን? ዳታቤዙ መልስ ይሰጣልን? የይለፍ ቃሉ ወይም የሰርተፊኬቱ ዘመን አልፏልን? እያሉ በተራ መመርመር ነው። ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት ሰርቨሩ ራሱ የጻፈውን ሎግ ማንበብ ይገባል። መኪናው የደረሰበትን በየደቂቃው ይጽፋልና፣ ሎጉን ሳያነቡ መፈታታት በሽተኛውን ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ይቆጠራል። በመጨረሻም የቀድሞውን ሴቲንግ ቅጂ ካስቀመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ማየት፣ ካልረዳም ወደ ነበረበት መመለስ ነው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነ፣ የትኛውም ሌላ በሽታ እንዳመጣ ሊያውቅ አይችልም።

ነገር ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ትናንት ይሠራ ከነበረ ወዲህ ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። ትናንት የሠራ ዛሬ ከቆመ፣ ወይ ሰው ለውጦታል፣ ወይ እንደ ዲስኩ መሙላት ጊዜ ራሱ ለውጦታል። መልሱ የሚገኘውም በለውጥ መዝገብ ውስጥ ነው፤ መዝገብ ከሌለ መልሱ በአንድ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ያ ሠራተኛ ፈቃድ በወጣ ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ ጊዜ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

የመንግሥት ሠራተኛ ለመዝገብ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር ከእነርሱ አንዱ ነበረ። ዛሬም ገቢና ወጪ ደብዳቤ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን ከመዝገብ ቤት አያልፍም። የሚያስደንቀው ግን አንዲት ደብዳቤ ያለ ቁጥር የማያስወጣ መሥሪያ ቤት፣ የሺህ ሰዎች መዝገብ ያለበትን ሰርቨር በቃል ትእዛዝ ብቻ ሲያስለውጥ መታየቱ ነው።

የለውጥ መዝገብ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ቀንና ሰዓት፣ የለወጠው ሰው፣ የፈቀደው ኃላፊ፣ ቀድሞ የነበረው፣ አሁን የሆነው፣ ምክንያቱና ወደ ቀድሞው መመለሻው መንገድ ነው። ለዚህ ተራ ደብተር ይበቃል። ሥራው ከሰፋ ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የሠራው ጊት የሚባለው ፕሮግራም፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ከነምክንያቱ ያስቀምጣል። ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ ስሙ ወደ ሰርቨሩ ይግባ። አራት ሰዎች «ሩት» በሚባለው በአንዱ የባለሙሉ ሥልጣን ስምና በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ፣ ሎጉ «ሩት ለወጠ» ብሎ ይጽፋል፤ ሩት ደግሞ ማንም አይደለም።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። ብዙ ሰርቨሮች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን የእኛ ከእርሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። እንግዲህ ሎጉ «6 ሰዓት ከ15 ጧት» ብሎ ቢጽፍ፣ በአገራችን የእጅ ሰዓት በውጭ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ15፣ በእኛ አነጋገር ከጧቱ 3 ሰዓት ከ15 ነው። ይህን ያላስተዋለ ኃላፊ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሩብ ጉዳይ ያለው የቀትር ሰዓት ነው ብሎ፣ በዚያ ሰዓት በቢሮ የነበረውን ሠራተኛ ሊጠረጥር ይችላል። በሰዓት አነጋገር ልዩነት ብቻ ንጹሕ ሰው ስሙ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ራስጌ «ሰዓቱ በዚህ አቆጣጠር ነው» ብሎ መጻፍ ግዴታ ይሁን። ስለ ቀንም እንዲሁ ነው፤ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም የጳጉሜን ቀን አይቀበልምና፣ ሶፍትዌሩ ሲተከል በዚህ መፈተን ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር የአስተዳደር ለውጥ ነው። ከ1967 ዓ. ም. ወዲህ ከተማችን በከፍተኛና በቀበሌ፣ ኋላም በወረዳና በቀበሌ ስትተዳደር ቆይታ፣ በ1995 ዓ. ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ተደራጀች፤ ጉለሌም አንዱ ሆነ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ደግሞ ለሚ ኩራ 11ኛው ሆኖ ተጨመረ። በእያንዳንዱ ለውጥ ሰዉ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ የአድራሻው ስም ተለወጠ። በዳታቤዙ ውስጥ አሮጌው ስም ተፍቆ አዲሱ ብቻ ከተጻፈ፣ የቀድሞ ማስረጃ ይዞ የሚመጣው ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ቀበሌ የለም» ይባላል። እንግዲህ አሮጌው አይፋቅ፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ስም ይጠራ ነበር» ተብሎ ከአዲሱ ጎን ይቀመጥ።

«ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ መዝገብ ለመጻፍ ጊዜ የት አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። በአስቸኳይ ጊዜ መጀመሪያ መስኮቱ ይከፈት፤ ነገር ግን ሠራተኛው ከመቀመጫው ሳይነሣ ያደረገውን ይጻፍ። ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ጽሕፈት በማግሥቱ የሙሉ ቀን ፍለጋ ያስቀራል።

ከዚህ የሚከብደው ፍርሃት ነው። መዝገቡ መቅጫ ብቻ ከሆነ ሠራተኛው መጻፉን ይተዋል፤ ይሰውራልም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ተሳስቶ ስሕተቱን የጻፈውን አርሙት እንጂ አታሳፍሩት፤ ለውጦ የሸሸገውን ግን ጠይቁት። በትክክል የተያዘ መዝገብ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ታማኙን ሠራተኛ ነውና።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ነገ በቢሮአችሁ «ሲስተም የለም» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ፣ ማን እንዳጠፋ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደ ተለወጠ ጠይቁ። መልሱ በመዝገብ ተጽፎ ከተገኘ፣ በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለጉዳይ በዚያው ቀን ጉዳዩን ፈጽሞ ይሄዳል።