«እሺ» ሁልጊዜ መስማማት አይደለም

(በቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ ዘንድሮ ሥራ ለሚጀምሩ መምህራንና ለወላጆች ኮሚቴ አባላት ከተደረገ ንግግር)

እዚሁ አገር ተወልዳችሁ አማርኛው ለሚከብዳችሁ፣ ከንግግሩ በኋላ በዕብራይስጥ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ወላጆች ስላሉ በነሱ ቋንቋ እናገራለሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት «አዲስ መምህር ምን ዓይነት ሙያዊ ችሎታና እሴት ሊያዳብር ይገባል?» በሚል ርዕስ ነው። ለዚህ ኮሌጅ ውስጥ ረጅም ዝርዝር ተሰጥቷችኋል፤ ዕቅድ ማውጣት፣ ክፍል መምራት፣ መመዘን፣ ከባልደረባ ጋር መሥራት። ሁሉም ትክክል ነው፤ እኔም የማስተምረው እሱኑ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን በዝርዝሩ ላይ በሁለት መስመር ስለሚታለፈው፣ ይኸውም ልጁን በትክክል ስለ መረዳትና ለወላጁ እውነቱን ስለ መናገር ነው።

መምህርነት ለእኛ ማኅበረሰብ እስራኤል ከገባን በኋላ የመጣ ሙያ አይደለም። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከወሰዷቸው ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ፤ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሩት እሳቸው ናቸው። በ1908 የተወለዱት አቶ ዮና ቦጋለም በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው ተመልሰው አስተማሩ፣ የአማርኛና የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፣ በ1979 እስራኤል ገቡ፣ በ1987 አረፉ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ ሁለት የወጣቶች ቡድን ወደ ክፋር ባትያ መጣ፤ የታሰበውም ተምረው ተመልሰው በጎንደር አካባቢ ባሉ መንደሮቻችን እንዲያስተምሩ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ስም ለመቁጠር ብዬ አይደለም። በመንደር ልጁ የሚጠብቀው ከብት፣ የሚያግዘው አዝመራ ነበረው። አባቱ ካልፈቀደ ልጁ አይመጣም፤ ቄሱ ካላመነበት አባቱ አይፈቅድም። ስለሆነም የመንደር መምህር ከቤቱ ጋር ሳይግባባ ሥራውን ሊጀምር አይችልም ነበር። እዚህ አገር ግን ልጁ በሕግ ግዴታ ይመጣል። በመሆኑም አንድ መምህር የልጁን ቤት ምንም ሳያውቅ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ይህ ልማድ እንዴት እንደ ሥር ሰደደ ወላጆች ታውቁታላችሁ። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በሰለሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ፣ አብዛኞቹ ታዳጊዎች በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። ወላጅ በመርከዝ ክሊታ ወይም እዚሁ ቤር ሼቫ እንደ ነበረው እንደ ናሐል ቤቃ ባለ የካራቫን ሠፈር ሲኖር፣ ስለ ልጁ የሚወስነው ሌላ ሰው ሆነ። ብዙዎቻችን በመጣን በጥቂት ቀን አዲስ ስም ተሰጠን፤ የእኔም ስም ለቤት ብቻ ቀረ። በደግነት የተደረገ ብዙ ነገር እንዳለ አልክድም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ያለ እኛ ስለ ልጆቻችን መነጋገር የለመደው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። አንድ ልጅ ጥፋት ሠራ ተብሎ በመንሄሉ ፊት ቆመ እንበል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም ይላል። በቤቱ የተማረው ይህን ነው፤ ታላቅ ሲቆጣው አፍጥጦ የሚያይ ልጅ «ዓይነ ደረቅ» ይባላል። መንሄሉ ግን «ዓይኔን ማየት አልቻለም፤ ስለዚህ ይዋሻል» ይላል። ልጁ ራሱን የሚያዋርደው ለማክበር ሲሆን የሚቀጣው እንደ ዋሸ ተቆጥሮ ነው። እናንተ ይህን ለልጁም ለመንሄሉም ማስረዳት ትችላላችሁ። ለልጁ፦ «እዚህ ቀና ብለህ መናገር ብልግና አይደለም» በሉት። ቤቱ ተሳስቷል ግን አትበሉት።

ከዚህ የሚከፋው ሌላው ዝምታ ነው። አረጋውያን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ በክፍል ውስጥ ግን ይነቅዛል። በወላጆች ቀን መምህሯ «ልጃችሁ ጸጥተኛ ነው፣ በጣም ጥሩ ልጅ ነው» ትላለች። ወላጅ የመጣው «ልጄ ጨዋ ነው ወይ?» ብሎ ስለሆነ ደስ ብሎት ይሄዳል። የንባቡን፣ የሒሳቡን ነገር ማንም አላነሳም። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ልጁ ዝቅተኛው ሃክባጻ ይገባል፤ ከዚያ ለባግሩት የሒሳብ ሦስት የሂዶት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ደግሞ የትኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንደ ተዘጋበት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይሰማል። ስለዚህ ወላጅን ስታነጋግሩ ከጨዋነቱ በፊት ደብተሩን ክፈቱ። «ይህን ገጽ ማንበብ ነበረበት፤ የሚያነበው ይህን ያህል ነው፤ እስከ ሐኑካ እንዲህ እናደርጋለን» በሉ። ወላጅ ዕብራይስጥ ባያነብም ደብተር ሲያይ ይገባዋል።

በዚህ ሽኩና ያሉ ልጆች አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ቢሆኑም፣ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ የገቡ ቤተሰቦችም ወደ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች መጥተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥማችሁ በሜዳ ላይ በሚናገረው ዕብራይስጥ አትታለሉ። ጂም ከሚንስ የተባሉት የካናዳ ምሁር እንዳሳዩት፣ ልጅ የመጫወቻ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል፤ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። በሦስተኛው ዓመት «አፉ ተፈቷል፤ ካልገባው ችግሩ ጭንቅላቱ ነው» የሚል ሰው ይህን አያውቅም ማለት ነው።

ይህም ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ያመጣኛል። ልጁ ወደ ልዩ ትምህርት እንዲዛወር ሲታሰብ ወላጅ ይጠራል። ጠረጴዛው ዙሪያ መንሄሏ፣ ዮዔጼቷ፣ ሳይኮሎጂስቱ ተቀምጠዋል። እናት ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። በተናገሩ ቁጥር «እሺ» ትላለች፤ ወይም እንደ አገራችን ልማድ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ ታረጋግጣለች። «ተስማምታለች» ይሉና ወረቀቱን ያቀርቡላታል። ወገኖቼ፣ በተከበረ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት ነውር በሆነበት ቤት ያደገች እናት «እሺ» ስትል «ሰምቻለሁ» ማለቷ ሊሆን ይችላል። «አክብሬያችኋለሁ» ማለቷም ሊሆን ይችላል። ፈቅጃለሁ ማለቷ ግን ገና አልታወቀም።

የልዩ ትምህርት ሕግ በ1988 ወጥቶ በ2018 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት ወላጅ በኮሚቴው ፊት ተጠርቶ የመሰማት መብት አለው። ኮሚቴው ልጁ ድጋፍ ይገባዋል ካለ በኋላ ድጋፉ በመደበኛ ክፍል፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ባለ ልዩ ክፍል ወይም በልዩ ትምህርት ቤት ይሁን ብሎ የሚመርጠው በመሠረቱ ወላጁ ነው። ያልተስማማ ይግባኝ ማለት ይችላል። ልዩ ትምህርት ኀፍረት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ልጅ ተደብቆ ቢቀር የሚጎዳው ራሱ ነው። ወላጆችም ይህን ስሙኝ። እኔ የምለው፣ ወላጅ ያልገባውን አይፈርም፤ መምህርም ያልገባውን ወላጅ አያስፈርም ነው።

የፈተናውንም ነገር ጠይቁ። በ2014 ያረፉት ፕሮፌሰር ሬውቬን ፎየርሽታይን ከኢትዮጵያ ከመጡ ልጆች ጋርም ሠርተዋል። የሳቸው መንገድ ልጁን ፈትኖ፣ አስተምሮ፣ እንደገና መፈተን ነው፤ የሚለካውም ልጁ ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደ ተራመደ ነው። አዲስ መምህር ፈታኝ ባይሆንም «ይህ ልጅ ያልቻለው ወይስ ያልተማረው?» ብሎ በስብሰባ ላይ መጠየቅ ይችላል። ይህን ለመጠየቅ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጁ በመስከረም ያነበበውንና በጥር ያነበበውን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አሁን ለእናንተ ለቤተ እስራኤል መምህራን ብቻ። በአንዳንድ መምህራን ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ፊት ትሆናላችሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ይመጣና «ለእናቱ ደውዪላት፣ አንቺ ትግባቢያለሽ» ይላችኋል። አንድ ጊዜ ደግ ነው። በሃያኛው ግን ሒሳብ መምህርነታችሁ ቀርቶ መልእክተኛ ሆናችኋል፤ የምታደርሱትም ሁልጊዜ ክፉ ወሬ ነው። መጋሼር የሚባል ሥልጠናና ደመወዝ ያለው ሥራ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ካስፈለገው ይጠይቅ። ያላነበባችሁትን ወረቀት አትተርጉሙ። ከተረጎማችሁም ሁሉንም ተርጉሙ፤ «ትንሽ ነገር ነው፣ ፈርሚ» የሚል ትርጉም የለም።

ልጅንም አስተርጓሚ አታድርጉት። የማሾቭን መክፈቻ የያዘው ልጁ ከሆነ አባት ስለ ልጁ የሚያውቀው ልጁ የፈቀደውን ብቻ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ጠይቃችሁ አስተካክሉ።

ስለ ስታጅ ባጭሩ፦ የሚመደብላችሁ አጋዥ መምህር በወረቀት ብቻ እንዳይቀር፣ ክፍላችሁ ገብቶ እንዲያይ ከወዲሁ ቀን ቁረጡ። ሲግድን በሚመለከት ደግሞ ክኔሴት በ2008 ብሔራዊ በዓል ብሎ ደንግጎታል፤ እናንተን ድፎ ዳቦ አምጡ ብሎ የሚያልፍ ትምህርት ቤት ካለ፣ ዳቦውን አምጡና የአንድ ሰዓት ትምህርትም ጠይቁ።

ብዙ ተናገርሁ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ። በየወንበራችሁ ላይ ያለው ወረቀት ወላጅ ወደ ኮሚቴ የሚጠራበት ደብዳቤ በዕብራይስጥ ነው፤ ስም የለበትም። አንድ አዲስ መምህር ከሁለት ወላጆች ጋር ይቀመጥና ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው ቦታ ድረስ በአማርኛ ያንብብላቸው። ወላጆች ደግሞ ያልገባችሁ ቦታ ላይ «እሺ» ሳትሉ አስቁሙት።