የከብት ሳንባ ነቀርሳን ዱካ መከተል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳችን አመራሮች፣



ወተት ለማብዛት የተዳቀለች ጊደር መግዛት የብዙዎቻችን ምኞት ነው። ይሁን እንጂ ከጊደሯ ጋር የከብት ሳንባ ነቀርሳም አብሮ ሊገባ ይችላል። የበሽታው ጀርም ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ይባላል። የተያዘች ላም ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስላ ትታያለች፤ በትንፋሿ መንጋውን፣ በጥሬ ወተቷ ደግሞ ቤተሰቡን ልትበክል ትችላለች።

ታዲያ በሽታው ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል? ገበሬ የጠፋችበትን ላም በጆሮዋ ምልክት እንደሚለያት ሁሉ ጀርሙም የራሱ ምልክት አለው። ስፖሊጎታይፒንግ በተባለው ዘዴ በጀርሙ ዲ ኤን ኤ ላይ 43 ቁራጮች ይፈተሻሉ፤ ያለውና የጎደለው ተመዝግቦ የጀርሙ ዓይነት ይለያል። በተራራቁ ቦታዎች አንድ ዓይነት ጀርም ሲገኝ የከብት ዝውውር ይጠረጠራል። ዓይነቱ በብዛት የተሰራጨ ከሆነ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን የጀርሙ ሙሉ ዘረመል ይነበባል።

በአገራችን ቄራዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 58 የማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ጀርሞች ተለይተዋል። በብዛት የተገኘው ኤስ ቢ 1176 የተባለው ዓይነት ነው። ከከብቶቹ 8 የሰው ሳንባ ነቀርሳ ጀርሞችም ተገኝተዋል። ስለዚህ የሚያስል እረኛ ቶሎ ቢታከም ለከብቱም ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የወተት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ በምርመራ ተይዘው መገኘታቸውን አሳይቷል። የተዳቀለች ጊደር የምንፈልገው ደግሞ እንዲህ ካለው የወተት አካባቢ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣
የዘረመል ምርመራ ዱካውን የሚያሳየን በሽታው ከገባ በኋላ ነው። የታመመች ላም አስወግዶ ሌላ መተካት ለአንድ ገበሬ ቤት ማራቆት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

1ኛ. ጊደር ከመግዛታችን በፊት የእንስሳት ሐኪም በአንገቷ ቆዳ ላይ የቱበርኩሊን ምርመራ ያድርግላት፤ ውጤቱ ከ72 ሰዓት በኋላ ይነበባል። ዩኒየኑና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይህን በግዢ ውላቸው ውስጥ ቢያስገቡ መልካም ነው።
2ኛ. አዲስ የገባች ከብት ለብቻዋ ትቆይ፤ በረቱም አየር ያግኝ።
3ኛ. ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ ለሕፃናትም አይሰጥ።

ሦስት ቀን መታገሥ ሙሉ መንጋ ከማጣት ይሻላል።