ሰኞ ማክሰኞ እና የሕፃናት የአካል ቅንጅት

(የልጆች ጨዋታ ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የእንቅስቃሴ ክህሎት፣ ማለትም ጡንቻዎች በአንጎል ትእዛዝ ተቀናጅተው የመሥራት ችሎታ፣ መሬት ላይ በተሰመሩ ሳጥኖች ጠጠር እየተጣለ በሚዘለልበት በሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ይዳብራል። ሕፃኑ ጠጠሩን ከታለመው ሳጥን ለማሳረፍ የክንዱን ኃይል ይመጥናል፤ መስመር ሳይረግጥ በአንድ እግሩ እንጣጥ እያለ ሄዶ ሲመለስ ጠጠሩን ለማንሣት ጎንበስ በሚልበት ቅጽበት ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ የቁርጭምጭሚቱና የወገቡ ጡንቻዎች ያለማቋረጥ እየተስተካከሉ ሚዛኑን ይጠብቁለታል፤ የጨዋታው ዋነኛ ጥቅምም ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ እግር መዝለል ለብዙዎቹ ሕፃናት የሚሳካው በ4 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ ታናናሾቹ በሁለት እግር ቢዘሉ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ሕፃናት በየቀኑ ለሚያስፈልጋቸው እንቅስቃሴም ይረዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲሆን ይመክራል።