ወርቁ የለቀቀው ዋንጫ

(በአዲስ ዓለም ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር)



ስለ ኤች አይ ቪ/ኤድስ ንግግር አለ ሲባል አንዳንዶቻችሁ "ደግሞ ጀመሩ!" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያ እል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ፖስተር ይዤ አልመጣሁም። የያዝኩት አንድ የተበላሸ ዋንጫ፣ ጥቂት ጥጥና አንድ ጠርሙስ አልኮል ነው። አትሳቁ! አልኮሉ የቁስል ማጽጃ ነው።

ዋንጫውን እዩት። ክዳኑ እንደ ወርቅ ያበራል። ሆዱ ግን አመድማ ተራ ፕላስቲክ ነው። ሲሸለም ሁሉም ወርቃማ ነበር። እንዲህ ያደረገው ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪና የፀረ ኤድስ ክበባችን ጸሐፊ ነበርኩ። ከተማው ከሆለታ እስከ አምቦ መንገድ ላይ ካሉት አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ጓደኛዬ አለች፣ ምስጢሩም የእሷ ነው። ይህን ለመናገርም ፈቃድ ጠይቄያታለሁ።

ይህች ጓደኛዬ አንድ ቀን በክበቡ ስብሰባ ላይ ተነሳችና ከቫይረሱ ጋር እንደተወለደች፣ መድኃኒቷን በየቀኑ እንደምትወስድ ነገረችን። አጨበጨብንላት። አቀፍናት። እኔማ አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር ገጠምን። ወሳኙ ጥያቄ "ኤች አይ ቪ በጋራ መጠጫ ይተላለፋል ወይ?" የሚል ነበር። እጄን ቀድሜ አወጣሁና "አይተላለፍም!" አልኩ። አሸነፍን። ሚሪንዳ ተገዛ፣ በዋንጫው ተቀዳ፣ እየተቀባበልን ጠጣን። ጓደኛዬም ጠጣች። ከእሷ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። ከንፈሬን አስነክቼ እንደጠጣሁ መሰልኩ፤ አንድ ጠብታ ግን አልዋጥኩም።

ጸሐፊ ስለሆንኩ ዋንጫውን ቤት ወስጄ እንዳስቀምጠው ተሰጠኝ። ማታ እናቴ ስትተኛ በረኪና ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩና ሆዱን ዘፈዘፍኩት። ክዳኑን አፍ አልነካውም ብዬ ተውኩት። ጠዋት ስነሳ ወርቁ የለም! ቢጫ ስስ ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ውኃው ላይ ተንሳፏል። እናቴ አይታ "ልጄ፣ ምን አደረግሽው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትምህርት ቤት ስወስደው ሁሉም ተንጫጩ። "ዝናብ ነካው" አልኩ። ጓደኛዬ ዋንጫውን ተቀብላ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፣ አየችኝ፣ መለሰችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ክበቡ ስብሰባ ላይ አላየናትም።

ታዲያ ያ ወርቅ ምን ነበር? ይህን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሸጥ ሰው ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለው ዋንጫ ላይ ወርቅ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ልስልስ እንዲል ቫርኒሽ ይቀባል። ቀጥሎ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዝግ ክፍል ውስጥ ይገባል። እዚያ አሉሚኒየም በኃይል ሲግል ይተንና ፕላስቲኩ ላይ ያርፋል። ንብርብሩ ከፀጉራችሁ ውፍረት በመቶዎች እጅ የሚሳሳ ነው። እስከዚህ ድረስ ዋንጫው ብርማ ነው። ወርቅ የሚያስመስለው በመጨረሻ ከላይ የሚቀባው ቢጫ ቀለም ያለበት ጥርት ያለ ቫርኒሽ ነው። ቀይ ቢጨመርበት መዳብ ይመስላል። ባጭሩ ቢጫ መነጽር ያደረገ ብር በሉት።

በጃፓንና በአሜሪካ የመኪናና የሮቦት ሞዴሎችን ከፕላስቲክ ቁርጥራጮች እየገጣጠሙ የሚዝናኑ ሰዎች አሉ። እነሱ ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። ወርቃማውን ቁራጭ ብርማ ማድረግ ሲፈልጉ አልኮል ይጠቀማሉ፤ አልኮል ብዙውን ጊዜ የላዩን ቢጫ ቫርኒሽ ብቻ ያስለቅቃል። ብርማውንም ጭምር ማጥፋት ሲፈልጉ በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፉታል። በረኪና አልካሊ አለበት፣ አልካሊ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል። የአሉሚኒየም ድስት በበረኪና የማይዘፈዘፈውም ለዚሁ ነው። የእኔ ዋንጫ ብዙ እጅ የነካው፣ የተጫጫረ ነበር። በረኪናው በጭረቱ ገባ፣ ከሥር አሉሚኒየሙን በላ፣ ቢጫው ቫርኒሽ የሚይዘው አጥቶ ተገፈፈ።

አሁን ተመልከቱ። ጥጡን አልኮል ነክሬ የክዳኑን ጠርዝ ቀስ ብዬ እሻለሁ። ጥጡ ምን ሆነ? ቢጫ። ክዳኑስ? ብር! አያችሁ? እቤታችሁ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ግን አራት ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ሁሉም ቫርኒሽ አንድ ዓይነት አይደለምና። አልኮልን ከእሳት አርቁ፣ መስኮት ክፈቱ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትጠቀሙ፣ አሴቶን ካለበት ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል። በረኪናን ከአልኮልም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ነገር ይፈጥራል።

ወደ በረኪናው ልመለስ። በረኪና ኤች አይ ቪን ይገድላል ወይ? አዎን፣ ይገድላል። ጤና ተቋም ውስጥ ደም ሲፈስ 0.5 ከመቶ የክሎሪን ውሁድ የሚደፋበት ለዚህ ነው። ግን እኮ እኔ ዋንጫ ላይ የሚገደል ነገር አልነበረም! ቫይረሱ በምራቅ አይተላለፍም። ከሰውነት ውጪ ሲወጣ መራባት አይችልም፣ የመጉዳት አቅሙንም ቶሎ ያጣል። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደምና በስለታም ነገሮች፣ እንዲሁም ሕክምና ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ያኔም በቃሌ አውቀው ነበር። ዋንጫውንም ያገኘነው እኮ ይህንኑ በመመለሳችን ነው!

ውድ ተማሪዎች፣ የዛሬው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። እውቀቴ እንደ ዋንጫው ቢጫ ቫርኒሽ ነበር። ከላይ ያበራል፣ ሲነካ ይለቃል። ከሥሩ ያለው ፍርሃቴ እንዳለ ነበር። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሶሲዮሎጂ ስማር ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለ ሊቅ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ መገለል የጻፈውን መጽሐፍ አነበብኩ። ሰው አንድ ምልክት ሲለጠፍበት ሌላው ማንነቱ ሁሉ በዚያ ምልክት ይሸፈናል ይላል ሐሳቡ። ወዲያው ባልዲው ትዝ አለኝ። ያቺ ልጅ በሒሳብ ከክፍላችን አንደኛ ነበረች። እኔ ግን ያን ማታ ያየሁት ከንፈሯ የነካውን ቦታ ብቻ ነው።

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳይ የመጀመሪያው ማስረጃ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰና እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ፓርትነር የተሰኙት፣ በ2016 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የወጣ ጥናቶች እንዲህ ባለ ሁኔታ ከትዳርና ከፍቅር ጓደኛ የተላለፈ አንድም አላገኙም። ይህን አስተውሉ! በግንኙነት እንኳ የማይተላለፍ ሆኖ ሳለ እኛ በሚሪንዳ እንፈራለን።

ይህ ሲባል "እንግዲያው መጠንቀቅ አያስፈልግም" ማለት አይደለም። ማን ቫይረሱ እንዳለበት፣ ማን እንደሌለበት በላይ ወዙ አይታወቅም። ወፍራም ሆነ ቀጭን፣ የቆንጆ መኪና ባለቤትም ሆነ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። መታቀብ፣ መተማመን፣ ኮንዶምን በትክክል መጠቀም ዛሬም ይሠራሉ። ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ፣ ወይም የመደፈር ጥቃት የደረሰበት ሰው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ቶሎ በሄደ ቁጥር የተሻለ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር የተገናኘነው ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ዛሬ ባለትዳር ናት፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅም ወልዳለች። ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ እውነቱን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ያኔም አውቄዋለሁ፤ ዋንጫው በረኪና በረኪና ይሸት ነበር" አለችኝ። ቀጥላም "መታጠቡን እኮ እረዳው ነበር፣ ልጆች ነበርን። ዝናብ ነው ስትዪ ነው የቆረጠልኝ፤ ፈርቻለሁ ብትዪኝ ኖሮ አብረን ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቅ ነበር" አለች።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። ክበባችሁ ውስጥ መልስ የምትመልሱበት ሰዓት እንዳለ ሁሉ ፍርሃታችሁን የምትናገሩበት ሰዓት ይኑራችሁ። "ማወቅስ አውቃለሁ፣ ግን እፈራለሁ" ማለት ነውር አይደለም። ፍርሃት ሲነገር መልስ ያገኛል፤ ሲደበቅ ግን ማታ ባልዲ ይዞ ይነሳል።

ክዳኑን እዚሁ ትቼላችሁ እሄዳለሁ። የቀረውን ቢጫ እናንተ አስለቅቁት። ሆዱን ግን እኔ እወስደዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ።