ቅጂ የሌለው ሥራ፦ በአስቸጋሪ ጊዜ በኮምፒውተር ብልሽት ስለሚጠፋ ድርሰት



የዛሬው ንግግር ርእስ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች እንጂ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች የተገባ የማይመስለው አድማጭ ይኖራል። ማሽን ይበላሻል፣ ፋይል ይጠፋል፤ የሚጠገነው ይጠገናል፣ የማይጠገነው ይጣላል። ሆኖም በማሽኑ ውስጥ የነበረው ዓመታት የተደከመበት ልቦለድ፣ ያልታተመ የግጥም መድበል ወይም ከአረጋውያን አንደበት የተቀዳ ሥነ ቃል ሲሆን ጉዳዩ ከጥገና ክፍል ይወጣና ወደ እኛ ይመጣል። በዛሬው ንግግሬ የማስረዳው ነጥብ አንድ ነው፤ የፈጠራ ሥራን ከጥፋት የመጠበቅ ኃላፊነት በችግር ውስጥ ላለው ጸሐፊ ብቻ ሊተው አይገባም። ሥራው ገና በጅምር ሳለ የባልንጀሮቹና የተቋሙም ኃላፊነት ነው።

ጉዳዩን ከምንኖርበት አካባቢ ልጀምር። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው ሸለቆ ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአዋሽ ወንዝ ሙላት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል። በ2014 ዓ.ም. በክልሉ ሰሜናዊ ክፍል የነበረው ጦርነት መቶ ሺዎችን አፈናቅሏል። በ2017 ዓ.ም. መባቻ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ሲደጋገም ቆይቶ፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈነዳ፤ ቤቶች ተሰነጠቁ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውንና የሚችሉትን ያህል ዕቃ ይዘው ወጡ። እንዲህ ባለ ሰዓት ማንም ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ለሕይወቱ ነው። የድርሰት ረቂቁን በስንት ቦታ እንዳስቀመጠ የሚያሰላ አይኖርም፤ እንዲያሰላም አይጠበቅበትም።

አደጋ ባይኖርም እንኳ የአካባቢው አየር ለማሽን ምቹ አይደለም። ብዙ አምራቾች ለላፕቶፕ መሥሪያነት የሚያስቀምጡት የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በሰመራ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ደቃቅ አቧራ የማቀዝቀዣውን መተንፈሻ ይደፍናል። መብራት በድንገት ሲቋረጥ፣ ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል፣ እየተጻፈ ያለ ፋይል በግማሽ ሊቀር ወይም መላው ዲስክ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እዚህ የሚጽፍ ሰው ማሽኑ አንድ ቀን እንደሚከዳው አስቦ መጻፍ አለበት። ያ ቀን ደግሞ ከሐዘን፣ ከሕመም ወይም ከስደት ጋር ሊገጥም ይችላል።

የሚጠፉ ሥራዎችን በሁለት ከፍለን እንያቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ደራሲው እንደገና ሊጽፈው የሚችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ቶማስ ካርላይል የፈረንሳይ አብዮት ታሪኩን የመጀመሪያ ቅጽ የእጅ ጽሑፍ ለወዳጁ ለጆን ስቱዋርት ሚል እንዲያነበው ሰጠው። ጽሑፉ በሚል እጅ ሳለ እንደ ተራ ወረቀት ተቆጥሮ እሳት በላው። ካርላይል ከብዙ ምሬት በኋላ ቅጹን እንደ አዲስ ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1837 ታተመ። ይህን ታሪክ ለማበረታቻነት የምንጠቅሰው ከሆነ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ካርላይል የሚመለስበት ቤት፣ የሚያገላብጣቸው መጻሕፍትና የሚጽፍበት ጊዜ ነበሩት። ከተሰነጠቀ ቤቱ ወጥቶ በመጠለያ ያለ ሰው እነዚህ የሉትም። ለእርሱ «እንደገና ጻፈው» ማለት ምክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ዓይነት ማንም ዳግመኛ ሊጽፈው የማይችለው ነው። የአፋር ቋንቋ የቃል ሀብቱ እጅግ ሰፊ፣ የጽሑፍ ባህሉ ግን ገና ለጋ ነው፤ ፓርከርና ሃይዋርድ ያዘጋጁት የአፋርኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እንኳ ለንደን ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከአንድ አዛውንት የቀዳው ዜማ ወይም ተረት ከዚያ በፊት በማንም ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። አዛውንቱ ካረፉ በኋላ ላፕቶፑ ቢቃጠል፣ ተማሪው የራሱን ትንተና እንደገና ይጽፍ ይሆናል፤ የአዛውንቱን ድምፅ ግን ከየት ያመጣዋል? እንዲህ ያለው ጥፋት የአንድ ተማሪ የግል ኪሳራ ሆኖ አይቀርም።

ታዲያ የተረፉት ሥራዎች በምን ተረፉ? ሦስት ታሪኮችን ላነጻጽር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1922 የኧርነስት ሄሚንግዌይ ባለቤት ሃድሊ የባሏን ጽሑፎች በሻንጣ አድርጋ ከፓሪስ ልትወስድለት ስትነሣ ሻንጣው በባቡር ጣቢያ ተሰረቀ። ደራሲው የካርቦን ቅጂዎች ነበሩት፤ ቅጂዎቹ ግን ከዋናው ጋር በዚያው ሻንጣ ተጨምረው ነበር። ከተረፉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ለአንድ አርታኢ ተልኮ ከቤት ውጭ የነበረው አጭር ልቦለድ ነው። ሥራው የተረፈው በሌላ ሰው እጅ ስለነበረ ነው። ላፕቶፑንና ፍላሹን በአንድ ቦርሳ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሁለት ቅጂ ያለው ይመስለዋል እንጂ፣ ቦርሳው ሲጠፋ የሚቀረው የለም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1998 የሆነ ነው። የፒክሳር ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ በስሕተት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የፊልሙን አብዛኛውን ፋይል አጠፋው። የስቱዲዮው መጠባበቂያ ቅጂም በትክክል እንደማይሠራ የታወቀው ያን ጊዜ ነበር። ፊልሙ የተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለችው ባልደረባ ወልዳ በቤቷ እየሠራች ስለነበር፣ በቤቷ ባለው ኮምፒውተር ቅጂው በመገኘቱ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ያልተፈተነ መጠባበቂያ አያስተማምንም፤ ከዋናው ቦታ የራቀ ቅጂ ደግሞ፣ ለሌላ ጉዳይ የተቀመጠ ቢሆንም እንኳ፣ የሰው ድካም ያድናል።

ሦስተኛው የእኛው አገር ታሪክ ነው። ጋዜጠኛና ገጣሚ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስረው ሳሉ የማርጋሬት ሚቼልን ታዋቂ ልቦለድ ወደ አማርኛ መለሱት፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የምንለው መጽሐፍ ይህ ነው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፉት ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ስስ ወረቀት ላይ ነበር፤ ቁርጥራጮቹ ወደ 3,000 ይጠጋሉ። ከእስር የሚፈቱ ሰዎች ጥቂት ጥቂቱን በፓኮ ደብቀው አወጡት፤ በኋላም ከየቦታው ተሰብስቦ ለኅትመት በቃ። በዚያ ጨለማ ጊዜ ትርጉሙን የጠበቁት ብዙ እጆች ናቸው።

ይህን አሠራር የአፋር ሕዝብ ከማናችንም በተሻለ ያውቀዋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የግጦሹንና የዝናቡን ሁኔታ፣ የአገሩን ሰላም ይነጋገራሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይገልጻል። ሐሰት መጨመር ነውር ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ወሬ በአንድ ሰው ዘንድ ብቻ አይቀመጥም፤ ያን ሰው መንገድ ላይ አንዳች ነገር ቢያገኘው ወሬው አብሮት አይጠፋም። እኛ ግን ያንኑ የአፋር ሥነ ቃል ቀድተን በአንድ ላፕቶፕ ስንቆልፈው፣ በብዙዎች ዘንድ ይኖር የነበረውን ነገር አንድ ሰው ብቻ እንዲይዘው አደረግን። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ክፍሎች ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመስክ የተመለሰ ተማሪ ትንተናውን ከመጀመሩ በፊት የድምፅ ቅጂዎቹን ግልባጭ ለክፍሉ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀውን የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ደንብ እንከተል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቦታው ርቆ። ሰመራ ያለ ሰው አንዱን ቅጂ አዋሽ ወይም አዲስ አበባ ላለ የሚታመን ሰው ቢሰጥ ደንቡን አሟልቷል፤ ለዚህ ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ በየመንፈቁ አንድ ቀን ተወስኖ ቅጂዎቹ በእርግጥ እንደሚከፈቱ ይፈተሽ።

ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ደራሲ ያልጨረሰውን ሥራ ለሌላ ማሳየት አይወድም፤ የሥነ ቃል ባለቤቶችም ቃላቸው ያለ ፈቃድ እንዲሠራጭ አይሹም። ይህ መከበር አለበት። ነገር ግን ማስቀመጥና ማንበብ የተለያዩ ናቸው፤ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይል ጠባቂው ሳያነበው ሊቀመጥ ይችላል። አረጋውያኑም ስለ ግልባጩ አስቀድመው ሊጠየቁ፣ አንድ ቅጂም ለእነርሱ ሊቀር ይገባል።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላስ? ፋይሉ የተሰረዘ ከሆነ በማሽኑ ምንም አትጻፉበት፤ በተለመደው ሃርድ ዲስክ የተሰረዘ ነገር አዲስ ጽሑፍ እስኪተካበት ድረስ ብዙ ጊዜ በቦታው ይቆያል። በኤስ ኤስ ዲ ግን ሥርዓቱ ራሱ ቶሎ ሊያጸዳው ስለሚችል ተስፋው ያነሰ ነው። ዲስኩ የማንኳኳት ድምፅ ካሰማ አጥፉት፤ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሰዋል። ከዚያም ለሰዎች ንገሩ። ለመምህር በኢሜይል የተላከ ምዕራፍ፣ ለጓደኛ በቴሌግራም የተላከ ግጥም፣ ለአስተያየት የታተመ ወረቀት በየሰዉ ዘንድ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። በመጨረሻም ትዝ የሚላችሁን በዚያው ሳምንት በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተልና የገጸ ባሕርያቱን ስም ብቻ እንኳ ቢሆን።

ሥራው የጠፋበትን ባልንጀራ «ለምን ቅጂ አላስቀመጥክም?» ብሎ መጠየቅ የሚረዳው ነገር የለም። ይልቁንም እያንዳንዳችን ያ ባልንጀራ በደኅናው ጊዜ የላከልን ነገር በስልካችን ወይም በኢሜይላችን ይኖር እንደሆነ እንፈልግለት። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡም የምታምኑትን አንድ ሰው ምረጡና የሥራችሁን ቅጂ ስጡት፤ የእርሱንም ተቀበሉ።