አንድ ኩንታል ዩሪያ በስንት ኩንታል በቆሎ?



የማክሮ ኢኮኖሚ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የአዲስ አበባ ቢሮዎች ጉዳይ ይመስለናል። እኔ ግን ከማሳ ልነሳ። የአካባቢያችን፣ የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን ገበሬ በቆሎ ሲዘራ ከዘሩ ጎን የዳፕ ማዳበሪያ ጠብ ያደርጋል፤ ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ አርሞ ዩሪያ ይጨምርለታል። ዩሪያው ከዘገየ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ክረምቱም ቆሞ አይጠብቅም። ያ ዩሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከ57 ብር ብዙም የማይርቀው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ እንደዚያ ተራርቆ መኖር አይችልም ነበርና እርምጃው ምክንያት ነበረው። ይሁን እንጂ ሸክሙ ገበሬው ትከሻ ላይም ማረፉ አልቀረም። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በጥር በቆሎውን በርካሽ ይሸጣል፤ ጎታው ሲጎድል በሐምሌ ያንኑ እህል በውድ ይሸምታል።

እንዲህ ያለውን ኑሮ የአገር ገቢ ቁጥር አያሳየውም። በ1990 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሐቅ መሪነት የሰብዓዊ ልማት መለኪያን ሲያወጣ፣ የአገር ገቢ ብቻውን ኑሮን አይናገርም ብሎ ዕድሜንና ትምህርትን ጨመረበት። ያ ሚዛን ለእኛም ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም ያለው የፊቤላ ፋብሪካ ተመርቀዋል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፋብሪካ ልማት የሚሆነው የአካባቢው ገበሬ አኩሪ አተሩን በውል ሲያስረክብበት፣ ልጁም ሠልጥኖ ሲቀጠርበት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአካባቢያችን የተነሳው ግጭት መንገድ በዘጋበት፣ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ባራቀበት አገር ደግሞ ከሰላም የሚቀድም የኢኮኖሚ ፖሊሲ የለም።

ስለዚህ የዓመቱ ዕድገት በመቶኛ ሲነገረን እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ ዘንድሮ አንድ ኩንታል ዩሪያ ስንት ኩንታል በቆሎ ያሸጣል? ዩሪያው የደረሰውስ በቆሎው ጉልበት ሳያልፍ ነው? የገበሬው ልጅስ መስከረም ላይ ክፍል ገብታለች? መልሱ ከዓመት ዓመት ካልተሻሻለ፣ ዕድገቱ እዚህ ገና አልደረሰም።